ብርቱካንና ሞንታርቦው

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ሰው ሳይሆን ዘፈን ለመጫን የተገዛች ትመስል ነበር። ነጂው ከወንበሩ ኋላ ምን እንደገጠመባት እንጃ፣ ዘፈኑ በጆሮዬ ሳይሆን በጀርባዬ ነበር የሚገባው። የዲላ መንገድ የሚያንገጫግጨን አንሶ ዘፈኑም ያንገጫግጨናል እያልኩ በሆዴ ሳጉረመርም፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ አንዲት ወጣት እናት ስድስት ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጇን ይዛ ገባች። ልጁ ገና ሳይቀመጥ ሁለት ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ደፍኖ ይጮህ ጀመር።

«እህቴ፣ ምን ሆኖብሽ ነው?» አላት ነጂው በመስታወቱ እያየ።

«ኦቲዝም ነው» አለች። ይህን ቃል ለስንት ሰው ደጋግማ እንደተናገረችው ከድምፅዋ ያስታውቃል።

«አውቄዋለሁ። ቴሌቪዥን ሲበዛባቸው የሚመጣው አይደል? የሀብታም ልጆችን ነው የሚይዘው ይላሉ። ለማንኛውም አስጸልዪለት፣ አንዳንዱ መንፈስም ነው።»

ክፋት አልነበረበትም። ልጅ እግር ነው፣ የሰማውን ነው የደገመው። እናትየው ግን የልጇን ራስ ደረቷ ላይ አስጠግታ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ሀብታም ብትሆን ኖሮ ከእኔና ከጎመኔ ጋር ተጣብቃ በባጃጅ ምን ትሠራ ነበር?

«ልጄ፣ እስቲ ዘፈኑን አጥፋው» አልኩት።

«ልቀንሰው ማዘር?»

«አጥፋው።»

አጠፋው። ልጁ ትንሽ ጮኸ፣ ከዚያ ጩኸቱ ወደ ማልቀስ ወረደ፣ ቆይቶ አንድ እጁን ከጆሮው አነሳ። ነጂው በመስታወቱ ደጋግሞ እያየው ነዳ። እኔ ስወርድ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር፤ ያየኝ ሰው ገበያው የቀናኝ መስሎት ይሆናል። ልቤ ግን ጪጩ ሄዶ ነበር፤ ወደ ልጅነቴ መንደር፣ ወደ እህቴ ወደ ብርቱካን፣ ወደዚያ ሞንታርቦ።

ጪጩ ከዲላ ብዙም አትርቅም። ያኔ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ኮረዳ ነበርኩ፤ ሥራዬ እናቴን ማገዝና በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ መዘመር ነበር። አባቴ የጌዴኦ ሰው ነው፤ ከእንሰቱና ከቡናው ሥር የማይጠፋ ገበሬ። እናቴ ደግሞ ከከምባታ ነው የመጣችው። ስለዚህ የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ሆነ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ቋንቋ የሚያወጡት ሲናደዱ ብቻ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን በደርግ ጊዜ ተዘግታ የእህል መጋዘን ሆና ነበር። ምእመናኑ ዓመታቱን በየሰው ቤት ተደብቀው እየጸለዩ አሳለፉ። ዘመኑ ተለውጦ ቁልፉ ሲመለስላቸው፣ እህሉ ወጥቶ ወለሉ ሲጠረግ፣ ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ ሰው ምን ያምረዋል? መጮህ ነዋ። ሞንታርቦ የሚባለው ትልቅ የድምፅ ማጉያ ሳጥን ተገዛ። ቡና አራግፎ ከአዲስ አበባ በሚመለስ መኪና ተጭኖ ሲመጣ መንደሩ እንደ ሙሽራ ነው የተቀበለው፤ እልል ተብሎለታል። የመዘምራኑ መሪ ወንድም ታደሰ አቧራ እንዳይነካው ብሎ የእናቱን ጋቢ አለበሰው፤ እናቱ ብርድ ላይ ቀሩ። ጪጩ መብራት ስላልነበራት እሁድ እሁድ ከጓሮ ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ ከፊት ሞንታርቦው ያገሳል፣ ከላይ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። እኛ መዘምራኑ ድምፃችን ዲላ ድረስ እንደሚሰማ እርግጠኞች ነበርን፤ ምናልባትም ይሰማ ነበር።

ብርቱካን ያን ጊዜ አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። ከአፏ የሚወጣው ቃል ጥቂት ነበር። ስሟ ሲጠራ አትዞርም፣ ሰው ዓይን ውስጥ አታይም፣ ከሁሉ የባሰው ደግሞ እንግዳ ሲመጣ እጇን ለሰላምታ አትዘረጋም። በእኛ አገር ሰላምታ የማይሰጥ ልጅ ማለት ያልተቀጣ ልጅ ማለት ነው። ፍቅሯ ግን በጀርባ ነበር። እንሰት ስፍቅ ወይም ጎመን ስከትፍ ከኋላዬ መጥታ ጀርባዋን ከጀርባዬ አጋጥማ ትቀመጣለች፤ እኔ ስነሳ ቅር ይላታል። ይህን እኔና እናቴ እናውቃለን፤ ሌላው ሰው «ይህች ልጅ ፍቅር የሚባል አልተፈጠረባትም» ይል ነበር።

ሁሉም የየራሱ ምርመራ ነበረው። አክስቴ ደንቆሮ ናት ብላ ከኋላዋ ሁለት የድስት ክዳን አጋጨች። ብርቱካን በርግጋ አልጋ ሥር ገባችና እስኪመሽ አልወጣችም። አክስቴም «ደንቆሮስ አይደለችም፣ ንቀት ነው» ብላ ፈረደች። የአባቴ ዘመዶች ደግሞ ጥፋቱን እናቴ ላይ ጣሉት። እርጉዝ ሳለች በቀትር ወንዝ ወርዳ ልብስ ስላጠበች ነው፣ የሰው አገር ሴት ደንቡን ስለማታውቅ ነው አሉ። እናቴ አንድም ቀን መልስ ሰጥታ አታውቅም። ኦቲዝም የሚለውን ቃል እኔ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አንድ ሐኪም አብሮ የሚፈጠር ነገር እንደሆነ፣ ከእናት አያያዝም ከመንፈስም እንዳልሆነ አስረድቶኝ ለእናቴ ሄጄ ስነግራት፣ «ታዲያ ወንዙ አይደለማ?» አለችኝ። ያን ሁሉ ዘመን ያን ወንዝ ተሸክማው ኖራለች። እኔም ያን ቀን ነው አብሬያት ያለቀስኩት።

ወደ ጪጩ ልመለስ። ሞንታርቦው ከመጣ ወዲህ ብርቱካን ቤተ ክርስቲያን መግባት አቆመች። መዝሙሩ ሲጀመር ጆሮዋን ይዛ እየጮኸች ትወጣለች፤ አንድ ጊዜ አባቴ ሊይዛት ሲል ነከሰችው። ከዚያ ወዲያ መደምደሚያው ቀላል ሆነ። ምስጋና ሲዘመር የሚሸሽ ማን ነው? እርኩስ መንፈስ ነው። በሌላ አገር ቢሆን ልጅቷ ጩኸት አትወድም ይባል ይሆናል። እኛ ግን የዚያን ድምፅ ዋጋ በብዙ መከራ የከፈልን ሰዎች ስለነበርን፣ ከእርሱ የሚሸሽ ጤነኛ ይኖራል ብሎ ማሰብ አልቻልንም።

የጸሎት ቡድኑን የሚመሩት እህት ወርቅነሽ አንድ ምሽት ቤታችን መጡ። ደግ ሴት ናቸው፤ በክፉው ዘመን ቤታቸውን ለጸሎት ከፍተው ስንቱን ያስጠለሉ፣ ለዚያም የታሰሩ። ከተራራው ማዶ መንፈስ ያለባቸው ሰዎች እስኪለቃቸው የሚቆዩበት የጸሎት ቦታ እንዳለ ነገሩን። እዚያ አንዳንዱ በገመድ ታስሮ እንደሚከርም ሁላችንም ሰምተናል።

«የመከሩ የምስጋና እሁድ ይለፍ፤ ሰኞ እኔ ራሴ እወስዳታለሁ። ልጅቷን ስለምወዳት ነው» አሉ።

አባቴ የነከሰችውን እጁን እያሻሸ ዝም አለ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ዝምታው እሺታ ሆነ። እናቴ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች።

በዚያ ሳምንት ነው እኔ ነገሩን ያስተዋልኩት። የቡና ለቀማ ያለቀበት ሰሞን ነበር፤ አየሩ በሙሉ የተፈለፈለ ቡና ገለፈት ይሸታል፣ ያ ኮምጠጥ ያለ ጣፋጭ ሽታ። ምንጭ ዳር ልብስ ሳጥብ ብርቱካን እንደ ልማዷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣ ነበር። ድንገት አፏን ሳትከፍት አንድ ዜማ ማንጎራጎር ጀመረች። ለምስጋናው እሁድ የምናጠናው አዲስ መዝሙር ነው። ቤት ውስጥ አንድም ቀን ዘምሬው አላውቅም። እኛ ስናጠና ከአጥሩ ውጭ፣ ሩቅ፣ አቦካዶው ሥር ቆማ ስትሰማን ኖራለች ማለት ነው። ቀስ ብዬ ተቀበልኳት፤ አልሸሸችም። ጀርባዋን የባሰ አስጠጋች። በዚያ ላይ ሌላም ነገር ትዝ አለኝ፤ ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያችንን ሲደበድብ ታለቅሳለች፣ እንሰት ቅጠል ላይ ሲወርድ ግን ሥሩ ሄዳ ትቆምና ፊቷ ይፈታል። ዝናቡ ያው ዝናብ ነው።

ያልታጠበውን ልብስ እዚያው ጥዬ ሮጥኩና ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ነጠላዋን አነሳች። «ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውኃ ሲጎድል ተሻገር» አለችና ወደ ሽማግሌ በራሶ ይዛኝ ሄደች።

ሽማግሌ በራሶ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ሶንጎ ላይ፣ በጌዴኦ አባቶች ሸንጎ፣ ተቀምጠው ነገር ሲፈቱ ነው ያረጁት። አማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርጉታል፤ ፍርዳቸው ግን ተምታቶ አያውቅም። ቆጮ በጎመን ሲበሉ ደረስን። ካልበላችሁ አልሰማችሁም ብለው አስቀመጡን። እናቴ እየጎረሰች ነገሩን ሁሉ አስረዳች።

«ልጁ ከመዝሙር ነው የሚሸሸው ወይስ ከዚያ ሳጥን?» አሉ።

«እኔ ከሳጥኑ ነው እላለሁ አባቴ። ሰዉ ግን መንፈስ ነው ብሏል» አለች እናቴ።

«እኛ ሶንጎ ላይ አንዱን ሰምተን አንፈርድም። ልጁ ተከሷል፣ ጥሩ። ሳጥኑን ማን ጠየቀው?» ጎመኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና፣ «እሁድ ሳጥኑን እናስቀምጠዋለን። ልጁ ያለ ሳጥንም ከሸሸ ወርቅነሽ ልክ ነው፤ ሰኞ ይሄዳል። ካልሸሸ ይቀራል።»

እናቴ የያዘችው ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኑ ነው ያስፈራን። በመንገድ ሁሉ «ባትገባስ? ሰው በዝቶባት ባትገባስ?» ትል ነበር።

የምስጋናው እሁድ ጭጋጉ ገና ሳይገለጥ ሰው ሞላ። ከዲላም ከይርጋጨፌም እንግዶች መጥተዋል። ወንድም ታደሰ አዲስ ከረባት አስሮ፣ ሞንታርቦውን ከጋቢው አውጥቶ፣ እንደ ልጅ እየወለወለው ሳለ ሽማግሌ በራሶ ቀርበው «ዛሬ አይነሳም» አሉት።

«ሽማግሌ፣ እንግዶች እኮ አሉ። ያለ ሞንታርቦ ማን ይሰማናል?»

«ስናንሾካሹክ ማን ነበር የሚሰማን?»

ታደሰ ጋቢውን መልሶ ሞንታርቦው ላይ ጣለ። ጄኔሬተሩ ሳይነሳ ቀረ። እኛ መዘምራኑ ቆምን፤ ሞንታርቦውን የለመደ ጉሮሮ ያለ እሱ ምን እንደሚያደርግ አያውቅምና፣ እንሰማ ብለን ሁላችንም እኩል ጮኽን። የአንገታችን ሥር ተገተረ። እኔ በመስኮት እያየሁ ነበር። እናቴና ብርቱካን አቦካዶው ሥር ቆመዋል፤ ብርቱካን ሁለት እጆቿን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች። አባቴም አይቷል፤ አንገቱን ደፋ። እህት ወርቅነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መዝሙሩን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም፤ ሰኞ የመጣ መሰለኝ።

ሽማግሌ በራሶ ከወንበራቸው ተነሱ። ፍርዱን ሊናገሩ ነው ብለን ስንጠብቅ ወደ እኛ ዞረው «ልጆች፣ ተቀመጡ። ይሄ ጩኸት ነው። እናንተ ራሳችሁ ሳጥን ሆናችኋል» አሉ። ሰው ሳቀ። ከዚያ መልሰው ተቀመጡና፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ አንድ የድሮ መዝሙር ጀመሩ።

ስለዚያ አዘማመር ሰምተን እናውቃለን፤ ሲዘመር ግን አንድም ቀን ሰምተን አናውቅም። በክፉው ዘመን በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚዘመር ነው፤ አጠገብህ ያለው ሰው ይሰማዋል፣ ከግድግዳው ግን አያልፍም። ከንፈር ይዘጋል፣ ዜማው በደረት ይሄዳል፣ ቃሉ አልፎ አልፎ ብቻ በትንፋሽ ይወጣል። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተቀበሏቸው። ቀጥሎ አሮጊቶቹ ገቡበት። እህት ወርቅነሽ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው ከሥር ያዙት። ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ ግን ሞልቶ ነበር። እኛ ወጣቶቹ አንችልበትምና ዝም ብለን አዳመጥን። እነዚህ ሰዎች ይህን ይዘው ነው የቆዩት ብዬ አሰብኩ።

ብርቱካን በሩ ላይ ታየች። እጆቿ ገና ጆሮዋ ላይ ናቸው። እናቴ ከኋላዋ ቆማለች፤ ልትገፋትም ልትይዛትም አልደፈረችም። ብርቱካን አንድ እጇን አነሳች። ቆየች። ሌላውንም አነሳች። ከዚያ በመካከሉ መተላለፊያ፣ ማንንም ሳታይ፣ ቀጥ ብላ ገባች። ወደ እኔ የምትመጣ መስሎኝ ነበር፤ አልመጣችም። ድምፁ ከሚወፍርበት ሄደች፣ ከእህት ወርቅነሽ ኋላ ቆመችና ጉንጯን ጀርባቸው ላይ አሳረፈች።

እህት ወርቅነሽ አልዞሩም። ዜማውን አላቋረጡም። እንባቸው ብቻ በጉንጫቸው ወረደ። ብርቱካን አፏን ሳትከፍት ማንጎራጎር ጀመረች፤ እኛ መዘምራን ነን የምንለው ያቃተንን እሷ ድሮም ትችልበት ኖሯል።

መዝሙሩ እንዳበቃ ከዲላ ከመጡት እንግዶች አንዱ ብድግ ብሎ «ሃሌ ሉያ፣ መንፈሱ ወጣ፣ ለቀቃት» ብሎ ጮኸ። ብርቱካን ወዲያው ጆሮዋን ያዘች፤ የጪጩ ሕዝብ በሙሉ ዞሮ «እሽሽ» አለው። ሰውዬው ደንግጦ ተቀመጠ።

ሽማግሌ በራሶ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የወጣ ነገር አለ፣ ልክ ነው። ሳጥኑ ወጥቷል» አሉ።

ሳቁ እንዴት እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም፤ በሹክሹክታ የሚስቅ ጉባኤ አይታችሁ ካላወቃችሁ አምልጧችኋል። አባቴ እየሳቀ ፊቱን በኮቱ እጅጌ ይጠርግ ነበር። እህት ወርቅነሽ እዚያው እንደቆሙ፣ ብርቱካን ጀርባቸው ላይ እንደተደገፈች፣ በሩ ላይ ወደቆመችው እናቴ ቀና አሉና «ሰኞ የትም አትሄድም። እኔ ልሙት፣ የትም» አሉ። እናቴ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ የቡላ ገንፎ ቀረበ፤ ያን ቀን የበላሁት ገንፎ ጣዕሙ እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ።

ሞንታርቦው አልተጣለም፤ ታደሰ በሕይወቱ እያለ ማን ይጥለዋል? ሽማግሌዎቹ ተማክረው የማለዳው ፕሮግራም ያለ ድምፅ ማጉያ፣ የረፋዱ በማጉያ እንዲሆን ወሰኑ። ማለዳውን የመጀመሪያ ቀን የመጣነው ጥቂት ነበርን። እየቆየ ግን አራስ እናቶች መጡ፣ አዛውንቶች መጡ፣ ራስ ምታት ያለባቸው መጡ፣ የረፋዱ ጩኸት የሰለቻቸው ግን ለመናገር ያፈሩ ብዙዎች መጡ።

ዛሬ ወላጆቼ የሉም። ብርቱካን ዲላ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ሁለታችንም ሸብተናል። አሁንም የምትናገረው ጥቂት ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች፣ ቆርቆሮውን ዝናብ ሲደበድበው ትነጫነጫለች። ቤቴ የተከራዩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ልዩ ተሰጥኦዋ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ኦቲዝም ያለበት ሰው ሁሉ የሂሳብ ሊቅ ነው የሚል ነገር ከስልካቸው አንብበዋል። ሽንኩርት መላጥ ሲመጣ ከቤት መጥፋት ትችልበታለች እላቸዋለሁ። ሊቅ መሆን የለባትም። ብርቱካን መሆኗ ይበቃል።

እሁድ ማለዳ አብረን ጪጩ እንሄዳለን። በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ስብከቱ ሲረዝም ተነስታ ትወጣለች፣ ሁላችንም የምንመኘውን የምታደርገው እሷ ብቻ ናት። መንፈስ ነው ብሎ የጸሎት ዘይት ይዞ የሚከተላት የለም። ዜማ ሲጀመር ደግሞ ትመለሳለች። እኔ ያን ጊዜ ደስታዬን የማደርግበት አጣለሁ፤ ከንፈሬን ዘግቼ እንዳልጮህ እታገላለሁ።

አንዳንድ የድሮ ሰው መንገድ ላይ ያገኘኝና «እህትሽ ዳነች ወይ?» ይለኛል። ድሮ እናደድ ነበር፤ አልታመመችም ብዬ ረጅም ማብራሪያ እጀምር ነበር። አሁን ማብራሪያውን ትቼዋለሁ። እሁድ በማለዳ ና እለዋለሁ፤ በሩን ግን ቀስ አድርገህ ክፈተው።